ከጭብጨባ ወደ እንባ፦ የንግግር ጥበብ ታሪክ ለመድረካችን ምን ይነግረናል?



በሥነ መለኮት ኮሌጆች ስብከትን የሚያጠኑ ወጣቶች ስለ ንግግር ጥበብ ታሪክና ንድፈ ሐሳብ የጥናት ጽሑፍ እንዲያዘጋጁ ሲጠየቁ አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። “ለወንጌል ተጠርተን ሳለ የአሪስቶትልንና የሲሴሮን ትምህርት ማገላበጥ ምን ይጠቅመናል? ሐዋርያው ጳውሎስስ ቢሆን በንግግር ብልጫ አልተመካም አይደል?” ይላሉ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የኮሌጅ ተማሪዎች ጥያቄ ብቻም አይደለም።

በየሳምንቱ በመድረክ ፊት የምንቀመጥ ሁሉ የቃልን ኃይል እናውቃለን። አንዱ ድምፁን ከፍና ዝቅ አድርጎ፣ ቃሉን አሰካክቶ ሲናገር ልባችን ይቀልጣል፤ እጃችንም ሳናስበው ወደ ኪሳችን ይገባል። ሌላው ደግሞ እውነቱን ይዞ ቃል ያጥረውና እንቅልፍ እንቅልፍ ይለናል። ቤታችን ከገባን በኋላ “ዛሬ ያነቃነቀኝ የእግዚአብሔር መንፈስ ነው ወይስ የሰውዬው አንደበት?” ብለን ራሳችንን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ይህ ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው። በሚያምር ንግግር ተወስዶ ወደ ሐሰት ትምህርት የገባ ሰው አለ፤ በደረቀና በተዝረከረከ ንግግር ተሰላችቶ ከእውነት የራቀም አለ።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥያቄ ስትጋፈጥ የመጀመሪያዋ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩ አባቶች ተጋፍጠውታል፤ አንዳንዶቹም ከፍ ያለ ዋጋ ከፍለውበታል። ዛሬ ታሪኩን ከመነሻው እንመልከት። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ጥበቡ በፍርድ አደባባይ ተወለደ

ግሪኮች ሬቶሪክ የሚሉት የንግግር ጥበብ ሰውን በቃል የማሳመን ሙያ ነው። የጥንት ሰዎች እንደሚተርኩት መነሻው በሲሲሊ ደሴት የምትገኘው የሲራኩስ ከተማ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን በዚያ ይገዙ የነበሩት አምባገነኖች ሲወገዱ፣ ንብረታቸውን የተነጠቁ ሰዎች ለማስመለስ ፍርድ ቤቱን አጣበቡት። ኮራክስና ቲስያስ የሚባሉ ሁለት ሰዎችም ክርክር እንዴት እንደሚደራጅ ማስተማር የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነው ይባላል። ይህን ለመረዳት እኛ ኢትዮጵያውያን አንቸገርም። አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር በዳኛ ፊት ቆመው “በልሃ ልበልሃ” ሲባባሉ፣ አንደበቱ የተባ ሰው ርስቱን ያስከብር ነበር፤ አንደበቱ የተሳሰረ ሰው ደግሞ እውነት ይዞ ሊረታ ይችል ነበር።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ427 ጎርጊያስ የሚባል ተናጋሪ ከሲሲሊዋ ሌዎንቲኒ ከተማ መልእክተኛ ሆኖ አቴና ገባ። የአቴና ሰዎች በቃላቱ አደራደርና ዜማ እጅግ ተደነቁ። በዚያን ዘመን ሶፊስቶች የተባሉ መምህራን ከከተማ ከተማ እየዞሩ በክፍያ ያስተምሩ ነበር፤ ከሚያስተምሩትም ዋነኛው ንግግር ነበር። ደካማውን ክርክር ብርቱ አስመስለው ያቀርባሉ የሚል ክስም ይሰማባቸው ነበር።

ፈላስፋው ፕላቶ ይህን አጥብቆ ተቃወመ። በጎርጊያስ ስም በሰየመው ድርሰቱ የንግግር ጥበብን ከምግብ አጣፋጭነት ጋር፣ እውነተኛውን ምክር ደግሞ ከሕክምና ጋር ያነጻጽራል። ምግብ አጣፋጩና ሐኪሙ በሕፃናት ፊት ቢፋረዱ ሐኪሙ መረታቱ አይቀርም ይላል፤ ሕፃናት መራራ መድኃኒት ከሚሰጣቸው ይልቅ ጣፋጭ የሚያጎርሳቸውን ይመርጣሉና። ሆኖም ፕላቶ በሩን ጨርሶ አልዘጋውም። ፋይድሮስ በተባለው ሌላ ድርሰቱ፣ እውነትን የሚያውቅና የሚሰማውንም ሰው ነፍስ የሚረዳ ተናጋሪ ሊኖር እንደሚችል ያሳያል።

የፕላቶ ተማሪ አሪስቶትል (384–322 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) ጥበቡን በሦስት መጻሕፍት ከፍሎ በሥርዓት አጠናው። ሰው ንግግርን የሚያምነው በሦስት ነገር ነው አለ። የመጀመሪያው ኢቶስ ይባላል፤ ተናጋሪው የሚታመን ሰው መስሎ መታየቱ ነው። ሁለተኛው ፓቶስ ነው፤ በሰሚው ውስጥ የሚነሣው ፍርሃት፣ ቁጣ ወይም ርኅራኄ ነው። ሦስተኛው ሎጎስ ነው፤ የነገሩ ማስረጃና አመክንዮ ነው። ዛሬም ቢሆን የትኛውንም ስብከት፣ ማስታወቂያ ወይም የምርጫ ቅስቀሳ በእነዚህ ሦስት ሚዛኖች መመርመር ይቻላል። አሪስቶትል ንግግርን እንደ ጉልበትና እንደ ሀብት ቆጠረው፤ በመልካም ሰው እጅ ይጠቅማል፣ በክፉ ሰው እጅ ይጎዳል።

ሮማውያን ጥበቡን ወርሰው አሰፉት። ሲሴሮ (106–43 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) የተናጋሪ ሥራ ማስተማር፣ ደስ ማሰኘትና ልብን ማነሣሣት ነው አለ። ተናጋሪው የሚለውን መፈለግ፣ ማደራጀት፣ በቃል ማሳመር፣ በአእምሮ መያዝና በድምፅና በአካል ማቅረብ እንዳለበትም ሮማውያን ያስተምሩ ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ ታላቅ ተናጋሪ ፍጻሜ አሳዛኝ ነው። ፖለቲካዊ ጠላቶቹ ካስገደሉት በኋላ የተቆረጠ ራሱንና እጁን በሮም የንግግር መድረክ ላይ ለሕዝብ አሳዩት። የአንደበት ኃይል ታላቅ ቢሆንም በመጨረሻ ባለቤቱን እንኳ አላዳነም። ከእርሱ በኋላ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. መጨረሻ ኩዊንቲሊያን የሚባለው መምህር 12 መጻሕፍት ያሉት ታላቅ ሥራ ጽፎ፣ እውነተኛ ተናጋሪ በመጀመሪያ መልካም ሰው መሆን አለበት የሚለውን የቆየ የሮማውያን አስተሳሰብ አጸና።

እንግዲህ አሕዛብ ራሳቸው ጥያቄውን አውቀውት ነበር ማለት ነው። ንግግር ማንን ያገለግላል? ተናጋሪውን፣ ሰሚውን ወይስ እውነትን?

ሐዋርያው በቆሮንቶስ

ጳውሎስ በ50 ዓ.ም. ገደማ ወደ ቆሮንቶስ ሲደርስ የገባው እንዲህ ባለ ዓለም ውስጥ ነው። ቆሮንቶስ በሁለት የባሕር ወደቦች መካከል ያለች የንግድ ከተማ ነበረች፤ በአቅራቢያዋም በየሁለት ዓመቱ የኢስትምያ ጨዋታዎች ይካሄዱ ነበር። በእንዲህ ያሉ ከተሞች ተናጋሪ እንደ ሯጭና እንደ ታጋይ ይወዳደራል። ሕዝቡ ተቀምጦ ይመዝናል፤ የወደደውን በጭብጨባ ያነግሣል፣ ያልወደደውን ያፌዝበታል። ሰዎች በሚወዱት መምህር ስም መቧደናቸውም የተለመደ ነበር።

ይህን ስናውቅ የቆሮንቶስ መልእክቶች በአዲስ ብርሃን ይነበባሉ። አማኞቹ አንዱ የጳውሎስ፣ አንዱ የአጵሎስ፣ አንዱ የኬፋ እያሉ ተከፋፍለው ነበር (1ኛ ቆሮ. 1፥12)። አጵሎስ የእስክንድርያ ሰውና ንግግር አዋቂ እንደነበረ ሉቃስ ይነግረናል (ሐዋ. 18፥24)። ጳውሎስን ግን መልእክቶቹ ከባድ ቢሆኑም በአካል ሲገኝ ንግግሩ የተናቀ ነው ብለው ያሙት ነበር (2ኛ ቆሮ. 10፥10)። በከተማቸው ሚዛን መዝነው አቅልለውታል ማለት ነው።

የጳውሎስ መልስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 2፥1-5 ይገኛል። በዚያ ክፍል፣ በቍጥር 4፣ “መግለጥ” ተብሎ የተተረጐመው የግሪክ ቃል አፖዴይክሲስ ነው። ይህ ቃል በንግግር መምህራን ዘንድ በአመክንዮ የተረጋገጠ ማስረጃ ማለት ነበር። ጳውሎስ የእነርሱኑ ቃል ወስዶ ሌላ ባለቤት ሰጠው፤ የስብከቴ ማስረጃ የመንፈስ ቅዱስ ኃይል ነው አለ። ምክንያቱንም በቍጥር 5 ያስቀምጣል፤ እምነታቸው በሰው ጥበብ ላይ እንዳይቆም ብሎ ነው። በሰው አንደበት የተገነባ እምነት የተሻለ አንደበት ያለው ሰው በመጣ ቀን ይፈርሳል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ጳውሎስ ሳይዘጋጅና ሳያስብ ይናገር ነበር ብለን ብንደመድም እንሳሳታለን። የሮሜን መልእክት ስናነብ ተቃዋሚውን በጥያቄ እያቆመ፣ ራሱ እየመለሰ፣ ደረጃ በደረጃ ሲያስረዳ እናያለን። በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ስለ ፍቅር የጻፈው ውበቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ጳውሎስ እንቢ ያለው ግልጽና ብርቱ ንግግርን አልነበረም። ንግግር የእምነት መሠረት ሆኖ የመስቀሉን ስፍራ እንዳይወስድ ነው የከለከለው (1ኛ ቆሮ. 1፥17)።

ልዩነቱን በሐዋርያት ሥራ 24 እናየዋለን። የአይሁድ አለቆች ጳውሎስን ለመክሰስ ጠርጠሉስ የሚባል ጠበቃ ይዘው መጡ። ሉቃስ የሰውየውን ሙያ የገለጠበት የግሪክ ቃል ሬቶር፣ ማለትም ባለሙያ ተናጋሪ ነው። ጠርጠሉስም ንግግሩን በሙያው ወግ ጀመረ፤ ገዥው ፊልክስ ለሕዝቡ ሰላምና መሻሻል እንዳመጣ እያሞጋገሰ ገባ። ይሁን እንጂ ሮማዊው ታሪክ ጸሓፊ ታሲተስ ፊልክስን የሚገልጸው ጨካኝና ሴሰኛ ገዥ አድርጎ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ፊልክስ ጳውሎስን አስጠርቶ ሲሰማው፣ ጳውሎስ ስለ ጽድቅ፣ ራስን ስለ መግዛትና ስለሚመጣው ኵነኔ ነገረው። ፊልክስም ፈራ። ጠርጠሉስ ሰሚው ሊሰማ የሚወደውን አቀረበ፤ ጳውሎስ ሰሚው ሊሰማ የሚያስፈልገውን ነገረው። ንግግር ማንን እንደሚያገለግል የሚታየው በዚህ ነው።

ቃል ይሸጥ የነበረው መምህር

ከጳውሎስ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ354፣ በሰሜን አፍሪካ ታጋስቴ በምትባል ከተማ (በዛሬዋ አልጄርያ) አውግስጢኖስ ተወለደ። ወላጆቹ ልጃቸው በንግግር ጥበብ ተምሮ ትልቅ ደረጃ እንዲደርስ ይመኙ ነበር። ካርቴጅ ገብቶ ሲማር በ19 ዓመቱ የሲሴሮን አንድ መጽሐፍ አነበበና ልቡ ጥበብን ለመፈለግ ተነሣሣ። ከዚያም መጽሐፍ ቅዱስን ከፈተ፤ ነገር ግን በእጁ የነበረው የላቲን ትርጉም ቋንቋ ከሲሴሮ ጋር ሲተያይ ተራ ሆኖበት ዘጋው። የለመደው የቃል ጌጥ ወደ እውነት የሚያስገባውን ዝቅተኛ በር ሸፈነበት።

አውግስጢኖስ በካርቴጅ፣ ቀጥሎም በሮም አስተማረ። በ384 ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ በነበረችው በሚላን የመንግሥት የንግግር መምህር ሆኖ ተሾመ። ለአንድ የንግግር ባለሙያ ከዚህ በላይ የሚመኘው ሥራ ጥቂት ነው። ከተግባሩ አንዱ በአደባባይ የንጉሡን ውዳሴ ማቅረብ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ውዳሴ ሊያቀርብ ሲዘጋጅ፣ ሐሰት እንደሚናገርና ሐሰት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎችም እንደሚያጨበጭቡለት እያሰበ ተጨንቆ ሲሄድ፣ በመንገድ ላይ ጠጥቶ የሚስቅ አንድ ለማኝ አየ። ለማኙ በጥቂት ሳንቲም ደስ ብሎታል፤ እርሱ ግን በዚህ ሁሉ ትምህርትና ክብር ያን ያህል ደስታ እንኳ አላገኘም። ይህን ታሪክ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ ራሱ ተርኮታል።

በዚያው ከተማ አምብሮስ የሚባል ጳጳስ ነበር። አውግስጢኖስ ወደ ጉባኤው የሄደው ሊድን ሳይሆን ሙያውን ሊገመግም ነው፤ “የዚህ ሰው ንግግር እንደ ዝናው ነውን?” በሚል ስሜት ነበር የሚሰማው። ነገር ግን ለቃላቱ ልቡን ሲከፍት መልእክቱም አብሮ ገባ። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የአምብሮስ አንደበት አውግስጢኖስን አላዳነውም፤ ሆኖም ቁጭ ብሎ እንዲሰማ አድርጎታል። ሕይወት የሰጠው የተሰበከው ቃል ነው።

አውግስጢኖስን ከነኩት ምስክርነቶች አንዱ የማሪየስ ቪክቶሪነስ ታሪክ ነው። ቪክቶሪነስ በሮም እጅግ የተከበረ የንግግር መምህር ስለነበረ በከተማይቱ አደባባይ ሐውልት ቆሞለት ነበር። በሽምግልናው ክርስቶስን አመነ። ቀሳውስቱ እንዳያፍር በማለት የእምነት ምስክርነቱን በግል እንዲሰጥ ቢያቀርቡለትም፣ በጉባኤ ፊት ወጥቶ መመስከርን መረጠ። ድነት በሌለበት የንግግር ሥራ ስንት ጊዜ በሕዝብ ፊት የቆመ ሰው፣ ለመድኃኒቱ ሲመሰክር ማፈር አልፈለገም። በ362 ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ ክርስቲያኖች ይህን ትምህርት እንዳያስተምሩ በከለከለ ጊዜም ቪክቶሪነስ ወንበሩን ለቀቀ፤ ጌታውን አልለቀቀም።

በ386 በጋ አውግስጢኖስ በሚላን አንድ የአትክልት ስፍራ ሲያለቅስ፣ መጽሐፍ አንሥቶ እንዲያነብ የሚል የሕፃን የሚመስል ድምፅ ሰማ። ሮሜ 13፥13-14 ላይ ዓይኑ አረፈና ሕይወቱ ተለወጠ። ከዚያም ከማስተማር ሥራው ወጣ። ስለ ቀድሞ ሙያው ሲናገር ቃልን በገበያ እንደ መሸጥ ቆጥሮታል። በ387 ፋሲካ በአምብሮስ እጅ ተጠመቀ።

የወርቅ ቁልፍና የእንጨት ቁልፍ

አንድ ሰው “እንግዲያማ አውግስጢኖስ የንግግር ጥበብን ጨርሶ ጣለው” ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሂፖ ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ በ396 ገደማ፣ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት የሚናገር መጽሐፍ ጀመረ። ሥራው በመካከል ተቋርጦ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ426 ገደማ፣ አራተኛውን ክፍል ጨምሮ ፈጸመው። ይህ አራተኛ ክፍል የሚናገረው ስለ ስብከት ነው። የ70 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ፣ በወጣትነቱ የተወውን ሙያ እንደገና መርምሮ ለወንጌል ምን እንደሚጠቅም ጻፈ።

ክርክሩ ግልጽ ነው። የንግግር ጥበብ ለእውነትም ለሐሰትም ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ ነው። ታዲያ ሐሰትን የሚናገሩ ሰዎች ሰሚውን በሚማርክ ንግግር ሲታጠቁ፣ እውነትን የሚናገሩ ስለ ምን ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ? ከዚህም አልፎ የጳውሎስንና የነቢዩ አሞጽን ቃል እየተነተነ፣ ቅዱሳት መጻሕፍት የራሳቸው አንደበተ ርቱዕነት እንዳላቸው አሳየ። በእነርሱ ዘንድ ጥበብ ከፊት ትሄዳለች፤ ውብ ንግግር እንደ አገልጋይ ሳትጠራ ትከተላታለች። በወጣትነቱ ተራ ነው ብሎ የዘጋውን መጽሐፍ በሽምግልናው ውበቱን እያወጣ አስተማረበት።

ይሁን እንጂ ውበት የመጀመሪያው ነገር አይደለም። ለዚህ አውግስጢኖስ የቁልፍ ምሳሌ አመጣ። የወርቅ ቁልፍ በሩን ካልከፈተ ምን ይሠራል? የእንጨት ቁልፍስ በሩን ከከፈተ ምን ነውር አለበት? ስለዚህ ሰባኪ ሕዝቡ የሚረዳውን ቃል መምረጥ አለበት፤ ምንም እንኳ ሊቃውንቱ ያ ቃል ሰዋስው ያልጠበቀ ነው ቢሉትም። በአማርኛ በቀላሉ የሚነገረውን ነገር በእንግሊዝኛ ቃል እየሰነጉ መናገር እንደ እውቀት ለሚቆጠርባቸው መድረኮቻችን ይህ ምክር ዛሬም ትኩስ ነው።

ጸሎትንም ከሁሉ በፊት አስቀመጠ። በላቲን ተናጋሪን የሚያመለክተው ኦራቶር የሚለው ቃል መጸለይ ከሚለው ግሥ ጋር ሥሩ አንድ ነው። አውግስጢኖስም በዚህ ተጠቅሞ፣ ሰባኪ ለሰዎች ከመናገሩ በፊት ለእግዚአብሔር የሚናገር ሰው ይሁን አለ። የሕይወት ምሳሌነትም ከየትኛውም ከፍ ያለ ንግግር ይልቅ ክብደት እንዳለው አስተማረ። አሪስቶትል ኢቶስ ያለውን አውግስጢኖስ ከመታየት ወደ መሆን አሻገረው።

በዚሁ መጽሐፍ አንድ የማይረሳ ታሪክ ተጽፏል። በዛሬዋ አልጄርያ ጠረፍ ቂሣርያ የምትባል ከተማ ነበረች፤ በቅድስት አገር ካለችው ቂሣርያ የተለየች ናት። ነዋሪዎቿ በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት ለሁለት ተከፍለው ለተከታታይ ቀናት በድንጋይ ይዋጉ ነበር። አባት ከልጁ፣ ወንድም ከወንድሙ ጋር ይጋጠምና ሰው ይሞት ነበር። ልማዱም ከጥንት የመጣ ነበር። አውግስጢኖስ በከተማይቱ ተገኝቶ በሙሉ ኃይሉ ተናገራቸው። እነርሱም አጨበጨቡ። የቀድሞው የንግግር መምህር በዚህ አልረካም፤ ጭብጨባቸው ትምህርቱን እንደተረዱና እንደወደዱ ብቻ ነገረው። እንባቸውን ባየ ጊዜ ግን ልባቸው እንደተመለሰ አመነ። ይህን ሲጽፍ ከስምንት ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ በክርስቶስ ጸጋም ያ ጦርነት አልተደገመም።

በዚያው ዘመን በምሥራቅ የነበረውና በንግግሩ ጣፋጭነት “አፈወርቅ” የተባለው ዮሐንስም በአንጾኪያ በታዋቂው የንግግር መምህር በሊባንዮስ ዘንድ የተማረ ነበር። ቁስጥንጥንያ እያገለገለ ሳለ ሕዝቡ በስብከት መካከል እንዳያጨበጭብ ሥርዓት ላውጣ ብሎ ቢናገር፣ ለዚሁ ንግግሩ መልሰው አጨበጨቡለት። የእኛ ጉባኤዎች ጠባይ ዛሬ የተጀመረ አይደለም።

ስለዚህ ጉዳይ ለሚጽፉ ተማሪዎች

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በዚህ ርእስ የጥናት ጽሑፍ የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች፣ ድካማችሁ ከንቱ አይደለም። ሦስት ነገር ግን እንመክራችኋለን።

አንደኛ፣ ታሪኩንና ንድፈ ሐሳቡን ለዩ። የአሪስቶትል ሦስት ማስረጃዎች ንድፈ ሐሳብ ናቸው፤ የቆሮንቶስ ሰዎች ተናጋሪን እንዴት ይመዝኑ እንደነበር ታሪክ ነው። ሁለቱን ሳትለዩ ከቀላቀላችሁ ጳውሎስን ያላሰበውን ታናግሩታላችሁ።

ሁለተኛ፣ መሣሪያችሁን ቅርጽ ማውጫ አታድርጉት። ሃንስ ዲተር ቤትስ በ1979 ባሳተመው የገላትያ ማብራሪያ መልእክቱን በፍርድ ቤት እንደሚቀርብ መከላከያ ተነተነው። ጆርጅ ኬኔዲ በ1984 በዚያው የንግግር ጥበብ ሚዛን መዝኖ፣ መልእክቱ ሰዎችን ወደ ውሳኔ የሚጠራ ምክር ነው አለ። ሁለቱም ሊቃውንት ናቸው፤ መልእክቱም አንድ ነው። እንግዲህ የጥንቱ መጽሐፍ የሰጠንን ክፍፍል ወስደን መልእክቱን በግድ ከማስገባት ይልቅ፣ መልእክቱ ራሱ ምን እያደረገ እንደሆነ ቀድመን እናድምጥ።

ሦስተኛ፣ ከእናንተ በተቃራኒ የቆመውን ሙግት በቅን ልብ አቅርቡ። ዱዌን ሊትፊን በ1994 ባሳተመው ሥራ ጳውሎስ የተናጋሪዎችን የማሳመን ስልት ትቶ የመልእክተኛን አዋጅ ነጋሪነት መረጠ ብሎ ይሟገታል። አውግስጢኖስ ደግሞ የጳውሎስን አንደበተ ርቱዕነት ያሳያል። ሁለቱን አንብቡ፤ ከዚያም ጽሑፉን ራሱን፣ ከተቻለም በግሪክኛው፣ መርምሩ። የሌላውን ሐሳብ አጣምሞ ማቅረብ ሶፊስቶች የተከሰሱበት ነገር ነው። የጥናት ጽሑፍም ቢሆን በእግዚአብሔር ፊት የሚነገር ቃል ነው።

ለምንሰብክና ለምንሰማ ሁሉ

የምንሰብክ ሰዎች፣ ዝግጅት የመንፈስ ቅዱስ ተቃራኒ አይደለም። ቃል ሳያሰናዱ ወጥቶ “መንፈስ ይመራኛል” ማለት ሕዝቡን በረሃብ መመለስ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል የታዋቂ አገልጋይን ድምፅ፣ አካሄድና ጩኸት ቀድቶ መድረክ ላይ መውጣት የጠርጠሉስን ሙያ መያዝ እንጂ የጳውሎስን ኃይል መያዝ አይደለም። ከስብከታችን በኋላ “ደስ አላቸው ወይ?” ብለን ብቻ አንጠይቅ። የታረቁ አሉ? ዕዳውን የመለሰ አለ? በቤቱ እጁን ማንሣት የተወ አለ? የቂሣርያ ሰዎች የጣሉት ድንጋይ ከጭብጨባቸው ሁሉ ይበልጣል።

የምንሰማ ሰዎች ደግሞ ምግብ አጣፋጩን ከሐኪሙ የምንለይ እንሁን። “ሰባኪው ይችላል” ከማለታችን በፊት የተናገረው በቃሉ ውስጥ አለ ወይ ብለን እንደ ቤርያ ሰዎች እንመርምር (ሐዋ. 17፥11)። አንደበቱ የሚጎተት አገልጋይ ሲቆምም አንናቀው። ሙሴ አፈ ከባድ ነኝ ብሎ ነበር (ዘፀ. 4፥10)፤ እግዚአብሔር ግን ያንኑ ሰው ወደ ፈርዖን ላከው።

ይህን የምታነቡና ገና ክርስቶስን የምትፈልጉ ወዳጆች ሆይ፣ ምናልባት በሚያማልል ንግግር ተታልላችሁ ወደ ኋላ ያላችሁ ትሆናላችሁ። ጥርጣሬያችሁ ይገባናል። ወንጌል ግን የአንደበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ለኃጢአታችን ተሰቅሎ የተነሣ ጌታ ነው። አውግስጢኖስ ቃል አሳክቶ የሚናገር አንደበት ነበረው፤ ሰላም ግን አልነበረውም። ሰላምን ያገኘው ሥጋ በሆነው ቃል ዘንድ ነው። ዛሬም በሩ ክፍት ነው።

ጌታ ሆይ፣ ለሚናገሩት እውነትንና ትሕትናን፣ ለሚሰሙት ማስተዋልን ስጥ። ቃልህ ከጭብጨባችን አልፎ ልባችን ይድረስ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።